የወንጀል መዝገብን ከጊዜ ቀጠሮ እስከ ቅጣት መከታተል፦ ለአገር ቤት ዘጋቢዎች

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዞን ከተማ ላለ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የፍርድ ቤት ዘገባ እንድይዝ ተመድቤያለሁ። የመጀመሪያው የግድያ ጉዳይ ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፣ አሁን ጊዜ ቀጠሮ ላይ ናቸው (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ተይዘው ይቆያሉ)። ሕግ አልተማርኩም። ጉዳዩ ወራት፣ ምናልባትም ዓመት ስለሚፈጅ ሳይጠፋብኝ እንዴት ልከታተለው? ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ የሚባለው መቼ መቼ ነው? ስምስ መቼ ይጠራል? የምታውቁ አትንፈጉኝ።

ልደታ_ዳር

እንኳን ደህና መጣህ። መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥር፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ጀማሪ ዘጋቢ ጉዳይ የሚጠፋበት አንድ ጉዳይ በመንገዱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ቁጥር እንደሚቀይር ማንም ስለማይነግረው ነው።

ፖሊስ የራሱ የምርመራ መዝገብ ቁጥር አለው። ተጠርጣሪው ለጊዜ ቀጠሮ ሲቀርብ ወረዳ ፍርድ ቤቱ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት፣ ግድያ ከሆነ የሚያየው ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ቁጥሩም ሕንፃውም ዳኛውም ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይም እንደዚያው ነው፤ ጊዜ ቀጠሮው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ለምሳሌ አራዳ ምድብ ይታይና ክሱ ልደታ ከፍተኛው ላይ ይከፈታል። ይግባኝ ሲባል ደግሞ አዲስ ቁጥር።

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ምርመራው አልቆ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲሄድ የጊዜ ቀጠሮው መዝገብ ይዘጋል። አንተ መዝገብ ቤት ሄደህ ስትጠይቅ ጸሐፊዋ «መዝገቡ ተዘግቷል» ትልሃለች። እውነቷን ነው። አንተ ግን «የግድያ ጉዳዩ ተዘጋ» ብለህ ብታነብ ከተማው ይናወጣል። «ተዘግቷል» ስትባል ወዲያው «በምን ትዕዛዝ?» በል። የመጨረሻውን ትዕዛዝ አንብበው ይነግሩሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ «ምርመራው ስለተጠናቀቀ» ወይም «ዐቃቤ ሕግ ክስ ስለመሠረተ» የሚል ነው።

ሰብለ_መዝገብ_ቤት

ልደታ_ዳር የተናገረው ላይ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ደብተር ወይም አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ስልክ ላይ ብቻ አትመኑ፣ ብዙ ችሎት ስልክ በር ላይ ያስቀምጣል። ገጹ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ የፖሊስ ቁጥር፣ የጊዜ ቀጠሮ ቁጥር፣ የክስ ቁጥር፣ የችሎቱ ስም (ለምሳሌ 2ኛ ወንጀል ችሎት)፣ የሰብሳቢ ዳኛው ስም፣ የተከሳሾች ስም ከነአባትና ከነአያት በተራ ቁጥራቸው፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የጠበቆች ስም። ከሥሩ በየቀጠሮው አንድ መስመር፦ ቀን፣ ምን ሆነ፣ ምን ታዘዘ፣ ቀጣዩ መቼ፣ ለምን።

«ለምን» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዳኛው «ለኅዳር 12» ብለው አያቆሙም፤ «የዐቃቤ ሕግን ምስክር ለመስማት ለኅዳር 12 ከጠዋቱ 3፡00» ይላሉ። ምክንያቱን ካልያዝክ በሚቀጥለው ቀን ለምን እንደምትሄድ አታውቅም፤ ብይን የሚነበብበት ቀን መሆኑን ሳታውቅ ሌላ ስብሰባ ትመደባለህ።

የተራ ቁጥሩም ቀልድ አይደለም። ክሱ ውስጥ 1ኛ ተከሳሽ የሆነው በጊዜ ቀጠሮው ላይ 3ኛ ተጠርጣሪ ሊሆን ይችላል። ዳኛ ሲያነቡ «2ኛ እና 4ኛ ተከሳሾች ነፃ፣ 1ኛ እና 3ኛ ተከሳሾች እንዲከላከሉ» ብለው ያልፋሉ፤ ስም አይጠሩም። ቁጥሩን ከስም ጋር ያላጣመረ ዘጋቢ ነፃ የተባለውን ሰው ሌላ ያደርገዋል።

ልደታ_ዳር

የችሎት ሰዓት ነገር ላክልበት። ሁሉም መዝገብ «ከጠዋቱ 3፡00» ተብሎ ቢቀጠርም ሁሉም 3፡00 ላይ አይጠራም። በ2፡30 ድረስ፣ የችሎቱ በር ላይ የተለጠፈውን የዕለቱን ዝርዝር አንብብ፣ ያንተ መዝገብ ስንተኛ እንደሆነ ችሎት አስከባሪውን በትሕትና ጠይቅ። ብዙ ጊዜ አጫጭር ቀጠሮዎችና ትዕዛዞች ይቀድማሉ፣ የምስክር መዝገቦች ይከተላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ካልተጠራ ለ8፡00 ይተላለፋል። እኩለ ቀን ላይ «ዛሬ አልተካሄደም» ብሎ የሄደ ዘጋቢ ከሰዓት በኋላ የተነበበውን ብይን ከፌስቡክ ይሰማል።

ጋሽ_አንቀጽ

ልጄ፣ ቃላቱን በደረጃ ላስቀምጥልህ። ከነአንቀጹ የማቀርበው አንተ እንድትጽፈው ብዬ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ሲከራከሩ ምን እንደሚሉ እንድትከተል ነው።

ሰውየው ሲያዝ ተጠርጣሪ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ አይታሰብም። ከዚያ ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ተጨማሪ የምርመራ ቀን ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም።

በከባድ ግድያና በከባድ ውንብድና ጉዳይ ቀዳሚ ምርመራ የሚባል ነገር ሊኖር ይችላል፣ አንቀጽ 80። እዚያ ምስክር ይሰማል፣ ቃሉ ይመዘገባል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም። «ምስክር ተሰማ» ብለህ የክርክሩ ምስክር ካስመሰልከው ተሳሳትክ።

ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን መዝገብ ከተረከበ በ15 ቀን ውስጥ ክስ ያቀርባል፣ አንቀጽ 109። ክሱ ፍርድ ቤት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ሰውየው ተከሳሽ ነው። ክሱ ይነበብለታል፣ የክስ መቃወሚያ ካለው ያቀርባል፣ ዐቃቤ ሕግ መልስ ይሰጣል፣ ፍርድ ቤቱ በመቃወሚያው ላይ ብይን ይሰጣል። ከዚያ የእምነት ክህደት ቃል ይጠየቃል። ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች። ከዚያ ትልቁ መታጠፊያ፦ በአንቀጽ 141 ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም ተብሎ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል፣ ወይም በ142 «ይከላከል» ይባላል። ከተከላከለ በኋላ ፍርድ፦ ጥፋተኛ ወይም ነፃ። ጥፋተኛ ከተባለ የቅጣት አስተያየት ከሁለቱም ወገን ይቀርባል፣ ከዚያ ቅጣት። ጥፋተኛ የምትለው «ጥፋተኛ ነው» የሚለው ፍርድ ከተነበበ በኋላ ብቻ ነው።

የዞኑ_ሰው

ጋሼ፣ ስለ 14 ቀኑ አንድ ነገር ላስተካክል፤ አንባቢ እንዳይሳሳት። 14 ቀን ለአንድ ጊዜ ነው። ጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አይወስንም። ስለዚህ «ሕጉ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ጠበቆች የሚከራከሩት ሌላ ነው፦ «ባለፈው የተሰጠው ቀን ምን ተሠራበት?»። ዳኛውም መርማሪውን የሚጠይቁት ይኼንኑ ነው።

ዘገባህም እዚያ ላይ ይቁም። ፖሊስ ስንት ቀን ጠየቀ፣ ስንት ተፈቀደ፣ ቀረኝ ያለው ሥራ ምንድን ነው (የምስክር ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ ያልተያዘ ግብረ አበር)። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዝርዝሩን አውጥተህ ታስተያያለህ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ «የአስከሬን ምርመራ ውጤት አልመጣም» ከተባለ ዜናህ እሱ ነው።

ጋሽ_አንቀጽ

እርማቱ ትክክል ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ጊዜው ለምርመራው የግድ ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ ይላል። ጠበቆች የሚይዙት እሱን ነው።

አርታኢዋ

እኔ በቋንቋው ልግባ። የፍርድ ቤት ዜና በአማርኛ ሲጻፍ የሚያሳስቱ ጥቂት ቃላት አሉ፣ ሁሌም እነዚያው ናቸው።

«ክስ ተነሳ»። ግማሹ አንባቢ «ተመሠረተ» ብሎ ይረዳዋል፣ ግማሹ «ተቋረጠ»። ቃሉን ጨርሶ ተዉት፤ ሲጀመር «ክስ ተመሠረተ»፣ ሲቀር «ክሱ ተቋረጠ» በሉ።

«አመነ»። ተጠርጣሪው ለፖሊስ ቃል ሰጥቷል ማለት አምኗል ማለት አይደለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል አለ፣ በአንቀጽ 35 ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚሰጥ ቃል አለ፣ ክሱ ከተነበበ በኋላ የሚሰጥ የእምነት ክህደት ቃል አለ። የትኛው እንደሆነ ካልጻፋችሁ «አመነ» የሚለው ቃል ሰውየውን ይፈርድበታል። ደግሞ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ ግን ራሴን ስከላከል ነው» ያለ ሰው እንደካደ ተቆጥሮ ምስክር ይሰማበታል።

«ነፃ ወጡ»። በዋስ የተለቀቀም፣ ክሱ የተቋረጠለትም፣ በነፃ የተሰናበተም፣ በይቅርታ የወጣም በአንድ ቃል ይጠቀለላል። አራቱ አራት ነገር ናቸው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 በገና ዕለት ጃዋር መሐመድ፣ እስክንድር ነጋና ሌሎችም የወጡት ክሳቸው ተቋርጦ ነው፤ «ምሕረት ተደረገላቸው» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል። ምሕረት የሚሰጠው በሕግ ነው፣ ልክ በ2010 እንደወጣው አዋጅ 1096። ይቅርታ ደግሞ የመጨረሻ ፍርድ ላገኘ ፍርደኛ ነው።

«ተብሏል» እና «ተገልጿል»። ማን አለ? ችሎት ውስጥ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፦ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃው፣ 2ኛው ምስክር፣ ዳኛው። «በስለት ወግቶ እንደገደለው ተብሏል» የሚለው የፖሊስ ጥርጣሬ ይሁን የፍርድ ቤት ግኝት አይለይም። «መርማሪ ፖሊስ ለችሎቱ እንዳስረዱት» በሉ፣ አለቀ።

የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ አንቱታ። ባለሥልጣን ሲከሰስ «ተከሳሹ አስረዱ»፣ የቀን ሠራተኛ ሲከሰስ «ተከሳሹ አስረዳ»። አንባቢው ፍርዱን ከግሱ ያነባል። አንዱን መርጣችሁ ለሁሉም አዋቂ ተከሳሽ ተጠቀሙበት። እኛ ዴስክ «አስረዱ» ነው፣ ለሌባም ለሚኒስትርም።

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ

አንቱታውን በፍጹም አስቤው አላውቅም። በሬዲዮ ደግሞ የበለጠ ይሰማል። የክስ ወረቀቱን ግን ከየት አገኛለሁ? መዝገብ ቤት «ተከራካሪ ነህ ወይ?» አሉኝ።

ሰብለ_መዝገብ_ቤት

ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቁህ፣ አትቀየማቸው። ሦስት በር አለህ። የዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት፣ የተከሳሽ ጠበቃ፣ እና የፍርድ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት። ለሦስተኛው ከጣቢያህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዝ፤ ደብዳቤው ላይ የመዝገብ ቁጥሩና የምትፈልገው ሰነድ በስሙ ይጻፍ። «ስለ ጉዳዩ መረጃ» የሚል ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ «በመዝገብ ቁጥር እንዲህ የቀረበው የክስ ማመልከቻ ግልባጭ» የሚል ግን ቶሎ መልስ ያገኛል። ከጠበቃው ካገኘኸው ከማንበብህ በፊት የፍርድ ቤቱ ማኅተም መኖሩን እይ፤ ረቂቅ ክስና የተሻሻለ ክስ እየተቀላቀለ ይሰጣል።

ወረቀቱ ከእጅህ ሲገባ ሁለት ርዕስ ፈልግ። «ወንጀሉ» በሚለው ሥር አንቀጹ ይገኛል፣ ለምሳሌ «የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32(1)(ሀ) እና 539(1)(ሀ) ሥር የተደነገገውን በመተላለፍ»። «የወንጀሉ ዝርዝር» በሚለው ሥር ደግሞ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ እያንዳንዱ ተከሳሽ አደረገ የተባለው። ከኋላ የማስረጃ ዝርዝር፦ የሰው፣ የሰነድ፣ የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ)። የምስክሮቹን ብዛት ቁጠር፤ 14 ምስክር ተቆጥሮ 5ቱ ብቻ ከቀረቡ እሱን ለመጻፍ ሌላ ምንጭ አያስፈልግህም።

ጋሽ_አንቀጽ

አንቀጹን በደንብ ያዝ፣ ምክንያቱም ይቀየራል። 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፣ እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ይደርሳል። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 543 በቸልተኝነት መግደል ነው። ዐቃቤ ሕግ በ539 ከሶ ፍርድ ቤቱ «በ540 ይከላከል» ሊል ይችላል። ያን ቀን «ይከላከል ተባለ» ብቻ ብትል ግማሹን ዜና ጣልክ።

የተሻረውን ሕግ አትጥቀስ። የወንጀል ሕጉ የ1996ቱ ነው፣ ሥነ ሥርዓቱ ግን እስከ ዛሬ ጠበቃውም ዳኛውም የሚጠሩት የ1954ቱ ነው።

ስፕሪንግ_24

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ለዚህ ላለው ሕዝብ የአገር ቤት ጉዳይ በዩቲዩብ እናቀርባለን። እዚህ የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ፔሰር ከሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ አንዱን ገጽ በ10 ሳንቲም ታወርዳለህ፣ አንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አያልፍም። የአዲስ አበባውን ከርቀት ለሚከታተል ምን ትመክራላችሁ?

ልደታ_ዳር

ወንድሜ፣ ሰው ከሌለህ አትጀምረው። የሚያስፈልግህ በችሎቱ የተገኘ አንድ ዘጋቢና የሁለቱም ወገን ጠበቆች ናቸው፤ የአንዱን ወገን ጠበቃ የፌስቡክ ጽሑፍ ይዘህ «ችሎቱ እንዲህ አለ» ማለት አይቻልም።

ሌላው የቀን ነገር። ከአንተ ዘንድ የሚፈጠረው ስሕተት አብዛኛው እዚህ ነው። «ጥር 8 ቀን 8 ሰዓት» ማለት ከሰዓት በኋላ 8፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ፣ መጀመሪያ ግን ዳኛው የተናገሩትን።

ስፕሪንግ_24

ተቀበልኩ። ስለ ዋስትና አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ «ዋስትና ተፈቀደላቸው» ብለን ካወጣን በኋላ ሰዎቹ ሳይወጡ ሳምንት ያልፋል፣ ተመልካቹ ዋሾ ይለናል።

የዞኑ_ሰው

መፈቀድና መውጣት ሁለት ናቸው። ዳኛው ከፈቀዱ በኋላ የዋስ ገንዘብ ይያዛል ወይም የሰው ዋስ ይቀርባል፣ የመፍቻ ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ትዕዛዙ ለፖሊስ ጣቢያው ወይም ለማረሚያ ቤቱ ይደርሳል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተፈቀደ ዋስትና ብዙ ጊዜ ሰኞ ነው የሚፈጸመው። በመካከል ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ የበላይ ፍርድ ቤት ሊያግደው ይችላል። አንዳንዴም ተጠርጣሪው በሌላ መዝገብ ይፈለጋል ተብሎ በሩ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ርዕሱ «ፍርድ ቤቱ በ50 ሺህ ብር ዋስ እንዲለቀቁ አዘዘ» ነው። «ተለቀቁ» የምትለው ከጠበቃው ወይም ከቤተሰቡ በር ላይ መውጣታቸውን ስታረጋግጥ።

ዋስትና የማይፈቀድበትንም እወቅ፦ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑንና ተጎጂው የመሞቱን ነገር ያያል። ሙስና የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው፣ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ይከለከላል። ዐቃቤ ሕግ አንዳንዴ አንቀጹን ከፍ አድርጎ የሚከሰው ለዚህ ነው የሚል የጠበቆች ክርክር ትሰማለህ፤ ክርክር መሆኑን ጽፈህ ጻፈው።

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ

የስሙ ጉዳይስ? አለቃዬ «ችሎቱ ግልጽ ነው፣ ጥራ» ይሉኛል።

አርታኢዋ

ክስ ሳይመሠረት ስም ባይጠራ እመርጣለሁ። በጊዜ ቀጠሮ ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ያለ ክስ ይለቀቃል። የተለቀቀበትን ቀን ማንም አይዘግብም፣ ስሙ ግን ጉግል ላይ ይቀራል።

ልደታ_ዳር

አልስማማም፣ ቢያንስ ለባለሥልጣንና በሕዝብ ለሚታወቅ ሰው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ችሎቱን ግልጽ ያደረገው ሰው ተደብቆ እንዳይታሰር ጭምር ነው። ስሙ በጊዜ ቀጠሮ ባይጠራ ኖሮ ቤተሰቡ የት እንዳለ የማያውቀው ብዙ ነው።

የዞኑ_ሰው

በትንሽ ከተማ ሁለታችሁም ያላያችሁት አለ። ስሙን ትተህ «በቀበሌ 04 ወፍጮ ቤት ያለው የ45 ዓመት ነዋሪ» ካልክ ስሙን ጠራኸው። ገጠር ላይ ደግሞ ደም አለ፤ የሟች ወገን ሬዲዮ ሰምቶ ተነሥቶ የተጠርጣሪውን ወንድም ይፈልጋል። ሥጋት ካለ ለፖሊስ አዛዡ ደውለህ ሽማግሌ ገብቶ እንደሆነ ጠይቅ፣ ከዚያ ወስን።

ሽምግልናውንም በጥንቃቄ ጻፈው። «እርቅ ወረደ» ማለት በግድያ መዝገብ ላይ ክሱ ቀረ ማለት አይደለም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ቀላል ወንጀሎች እርቅ ጉዳዩን ሊያቆመው ይችላል፣ በግድያ ግን ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል፤ እርቁና ካሳው ኋላ በቅጣት ማቅለያ ይቀርባል።

ሰብለ_መዝገብ_ቤት

ክርክር የሌለበትን ልበል። ተከሳሹ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከሆነ ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት እንጂ በግልጽ ችሎት አይታይም፣ ስም አይነገርም። የተደፈረች ሴት ወይም ሕፃን ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ሰፈር፣ ከተከሳሹ ጋር ያላት ዝምድናም አይነገርም። «የእንጀራ አባቷ» ብለህ የተከሳሹን ስም ከጠራህ ልጅቷን ጠራሃት። ልደታ ላይ ሕፃናት በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራር ያለው ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ነው፤ ዘገባው ያን እንዳያፈርሰው።

ምስክሮችም ላይ። ሰኞ 1ኛው ምስክር ያለውን ቃል በቃል በሬዲዮ ካነበብክ፣ ውጭ እንዲጠብቅ የተደረገው የረቡዕ ምስክር ቤቱ ሆኖ ሰምቶታል። ምስክሮች ተሰምተው እስኪያልቁ ዝርዝሩን አሳጥር፣ ስማቸውን ተው። በአዋጅ 699/2003 ጥበቃ የተደረገለት ምስክር ካለ ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ዳኛው ስለ ዘገባ ትዕዛዝ ከሰጡ ቃሉን እንዳለ ጻፈው፤ ካልገባህ ከችሎት በኋላ በሬጅስትራሩ በኩል አስጠይቅ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ችሎት መድፈር የሚባለውን ይዟል፣ ቀልድ የለውም።

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ

የትናንቱን ቀጠሮ እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፦ «አራት ነፍሰ ገዳዮች ትናንት ፍርድ ቤት ቀርበው ወንጀሉን መፈጸማቸው ስለተገለጸ ለተጨማሪ 14 ቀን እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው።»

አርታኢዋ

ይቅርታ አድርግልኝና አራቱም ችግር አንድ መስመር ላይ አለ። «ነፍሰ ገዳዮች» ማንም አልፈረደባቸውም። «ስለተገለጸ» ማን ገለጸ? «ተፈረደባቸው» የለም፣ ጊዜ ቀጠሮ ትዕዛዝ ነው። ጠበቃቸው ምን አሉ? እንዲህ ይሁን፦

«በግድያ ወንጀል የተጠረጠሩ አራት ሰዎች ትናንት ወረዳው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። መርማሪ ፖሊስ የሦስት ምስክሮች ቃልና የአስከሬን ምርመራ ውጤት እንደቀረው ገልጾ 14 ቀን ጠይቋል። የተጠርጣሪዎቹ ጠበቃ ባለፈው የተሰጠው ጊዜ በቂ ነበር በማለት ተቃውመው ዋስትና ጠይቀዋል። ፍርድ ቤቱ የዋስትና ጥያቄውን ሳይቀበል 10 ቀን ፈቅዷል።» የቀኑ ቁጥር የጠየቁት ነው የተፈቀደው? ያንተ ጽሑፍ 14 ይላል፤ ደብተርህን እይ።

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ

አየሁት፣ የጠየቁት 14፣ የተፈቀደው 10 ነው። ከየት እንደገመትሽው አላውቅም።

ጋሽ_አንቀጽ

ፖሊስ የጠየቀው ሁሌ እንዳለ አይሰጥም፤ ለዚህ ነው።

ወደፊት ለሚመጣው አንድ ሁለት ነገር። ፍርዱ ሲነበብ አጭሩ መንገድ መጨረሻውን መያዝ ነው። ውሳኔው «ትዕዛዝ» በሚል ርዕስ ያበቃል፦ ግልባጭ ለማን እንደሚሰጥ፣ ኤግዚቢቱ ምን እንደሚሆን፣ ይግባኝ መብት መሆኑ፣ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ»። ያመለጠህን ከዚያ ታገኛለህ። «በድምፅ ብልጫ» ከተባለ የልዩነት ሐሳብ አለ፤ የትኛው ዳኛ በምን እንደተለየ ሳትይዝ አትውጣ።

ቅጣት ላይ «እርከን» የሚል ትሰማለህ፤ የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ወንጀሉን እርከን ላይ አስቀምጦ በማክበጃ ከፍ በማቅለያ ዝቅ ያደርገዋል። ስንት ማቅለያ እንደተያዘላቸው ቁጠር፣ «ለምን ይህን ያህል ብቻ?» ለሚል አድማጭ መልሱ እዚያ ነው። «በእስር የቆዩበት ይታሰብላቸው» ከተባለ 10 ዓመት የተባለው ከተያዙበት ቀን ይቆጠራል። አመክሮ የሚታየው ሁለት ሦስተኛው ሲጠናቀቅ ነው፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ሲሞላ። ሞት ከተፈረደ ደግሞ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት አይፈጸምም፤ «ሊሰቀል ነው» አይባልም።

ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ማመልከቻ፣ የፍርዱን ግልባጭ ካገኘ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል። ደብተርህን ቅጣት በተነገረ ማግስት አትዝጋ፤ እነዚያን ሁለት ቀናት ጻፍባት፣ ጠበቃውን ጠይቅ፣ አዲሱን ቁጥር አስመዝግብ።

አርታኢዋ

ነፃ ከተባሉ ያኔ በመጀመሪያው ዜና ቦታና ሰዓት ይነበብ። የ1፡00 ዜና ላይ ተይዞ ስሙ የተነገረ ሰው ነፃ መባሉ እኩለ ሌሊት ላይ አይነበብም። ድረ ገጽ ካላችሁ የድሮውን ጽሑፍ አታጥፉት፤ ከላይ ውጤቱን ከነቀኑ ጨምሩ። ቴሌግራም ላይ የናንተን ብታስተካክሉም ሌላ ቻናል ያስተላለፈው አይቀየርም፣ ስለዚህ አዲስ መልእክት ላኩ።

ማኅበረሰብ_ሬዲዮ

አንድ የመጨረሻ። ክሱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይመሠረታል ተብሎ ይጠበቃል። ነሐሴ ላይ ምን አደርጋለሁ?

ሰብለ_መዝገብ_ቤት

ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤት በከፊል ዝግ ነው። ተረኛ ችሎት አስቸኳይ ነገር ያያል፤ ጊዜ ቀጠሮና ዋስትና አይቆምም፣ ምስክር መስማት ግን አብዛኛው ለጥቅምት ይቀጠራል። ተረኛ ዳኞቹ ያንተን መዝገብ የማያውቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ የችሎቱን ስም ብቻ ይዘህ አትሂድ። ሐምሌ 30 ከመድረሱ በፊት ሬጅስትራሩ ዘንድ ሂድና በክረምቱ የትኛው ክፍል እንደሚያስችል ጠይቀህ ከመዝገብ ቁጥሩ አጠገብ ጻፈው።